አልጋ ስንል አልጋውን ይሁን፦ ስለ ሆስቴል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ግልባጭ፦ በከተማችን ለምትሠሩ የፔንሲዮን ባለቤቶች በሙሉ
ጉዳዩ፦ በአልጋ ለሚያከራዩ ሆስቴሎች ፈቃድና መለኪያ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

መናኸሪያ የወረደ መንገደኛ «አልጋ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። «አለ» ይባላል። የሚሰጠው ግን ክፍል ነው፤ የሚከፍለውም የክፍል ዋጋ ነው። ብቻውን የመጣ ተማሪ፣ ለሥራ ፈተና የተጠራ ወጣት፣ ገዳማቱን ሊሳለም የመጣ ምዕመን፣ ታማሚ ይዞ የመጣ አስታማሚ፣ ቦርሳውን አዝሎ አገር የሚዞር የውጭ ዜጋ፣ ሁሉም አንድ ሰው ሆነው ሳለ ለሁለት ሰው ቦታ ይከፍላሉ። አቅሙ ያልፈቀደለት ቆይታውን ያሳጥራል፤ ሦስት ቀን ሊሰነብት ያሰበው በማግስቱ ማለዳ የጎንደርን መኪና ይይዛል። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ክፍሉን ሳይሆን አልጋውን የሚያከራይ ቤት በራሱ ስም ይታወቅ፤ ፈቃዱም፣ ቁጥጥሩም፣ መለኪያውም በአልጋ ይሁን።

ሐሳቡ መቶ ዓመት አልፎታል። ጀርመናዊው መምህር ሪቻርድ ሺርማን ተማሪዎቹን በእግር ሲያዞር ኃይለኛ ዝናብ ይዟቸው በአንድ ትምህርት ቤት ተጠልለው አደሩ። በ1909 እ.ኤ.አ. ነበር። ለተጓዥ ወጣት ርካሽ ማደሪያ የማዘጋጀት ሐሳብ ከዚያች ሌሊት ተወለደ፤ በ1912 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአልቴና ግንብ የመጀመሪያው ቋሚ ሆስቴል ተከፈተ። እኛ ዘንድ ሆስቴል ሲባል ብዙው ሰው የተማሪ ዶርም ነው የሚታየው። ተደራራቢ አልጋውና የጋራ መታጠቢያው በእርግጥም ይመሳሰላሉ። ነገር ግን የዶርም ተማሪ አጠገቡ የሚተኛውን ዓመቱን ሙሉ ያውቀዋል፤ የሆስቴል እንግዳ ስሙን እንኳ አያውቀውም። ስለዚህ ቁልፉም፣ መብራቱም፣ መውጫውም፣ ንጽሕናውም ለማይተዋወቁ ሰዎች ታስቦ መሠራት አለበት። ስድስት አልጋ ደርድሮ «ሆስቴል» የሚል ታፔላ መስቀል ይህን አያሟላም።

እንግዳ በጠፋበት ጊዜ ይህን ማንሳታችን የሚያስገርመው ሰው ይኖራል። በክልላችን በተፈጠረው ግጭት የውጭ ጎብኚ ርቋል፤ ብዙ ክፍል ባዶ ያድራል። አሁን የምንጽፈውም ለዚሁ ነው። ሆስቴል አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም፤ አሁን ያለው ፔንሲዮን ቢስተካከል ይበቃል፤ ባዶ ክፍል ደግሞ ለመለካት፣ ለመበየድና ለመቀባት ይመቻል። የአገር ውስጥ መንገደኛም ጨርሶ አልቆመም። ከዋጋው ጋር የተጣላው እሱ ነውና የመጀመሪያው እንግዳ እሱ ይሁን።

ሒሳቡ አጭር ነው። 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል 20 ካሬ ሜትር ነው። ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ማለትም ስድስት መኝታ፣ ይይዛል፤ ለአንድ ሰው 3.3 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ከዚህ በታች መውረድ የለበትም እንላለን። የአንዱ አልጋ ዋጋ የክፍሉ ሩብ ቢሆን አራት አልጋ ሲያዝ የክፍሉ ዋጋ ይሞላል፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ለአንሶላ እጥበት፣ ለውሃና ሌሊት ለሚቀመጥ የእንግዳ ተቀባይ ይውላል። ሁለት አልጋ ብቻ በሚያዝባቸው ሳምንታት ባለቤቱ ይከስራል። ቤቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ሆስቴል መለወጥ የማንመክረው ለዚህ ነው፤ ከአሥር ክፍል አራቱ የጋራ፣ ስድስቱ የግል ቢሆኑ አንዱ ሌላውን ይደግፋል።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። አብዛኛው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው።

ፍራሹ 90 በ200 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ 190ው ለረጅም ሰው ያጥራል። ውፍረቱ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ምክንያቱ የላይኛው አልጋ መከታ ነው፦ ተኝቶ የሚገላበጥ ሰው እንዳይወድቅ መከታው ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 16 ሳንቲ ሜትር መቆም አለበት። ለእንግዳ ምቾት ተብሎ ወፍራም ፍራሽ ሲገዛ መከታው ከፍራሹ እኩል ይሆናል፤ ያ አልጋ መከታ የለውም ማለት ነው። ከፍታውንም ከመበየድ በፊት ደምሩት። የታችኛው ፍራሽ አናት ከወለል 50 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሰው ቀና ብሎ እንዲቀመጥ ከዚያ በላይ 95 ይፈልጋል፤ የላይኛው ብረትና ፍራሽ 20 ይወስዳል፤ ላይ ለሚቀመጠውም ሌላ 95። ድምሩ 2 ሜትር ከ60 ነው። ኮርኒሱ ከ2 ሜትር ከ70 በታች በሆነ ክፍል ተደራራቢ አልጋ አይግባ፤ ነጠላ አልጋ ይደርደር። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ቤት ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ሁሉ የሚያርፈው ላይኛው እንግዳ ላይ ነው። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ከኮርኒሱ ሥር የአየር መውጫ መክፈት ከማራገቢያ ይረክሳል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራውን አያቆምም።

ለብረቱ 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ የተበየደ አልጋ በበር አይገባም፤ ስለዚህ ራስጌና ግርጌው ለየብቻ ተበይዶ በብሎን ይታሰራል። የሚንጫጫው በዚህ መገጣጠሚያ ነው። አንዱ በተገላበጠ ቁጥር አምስቱ ይነቃሉ። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ መሃል የላስቲክ ቁራጭ ማስገባትና ብሎኑን በየወሩ ማጥበቅ ድምፁን ያጠፋዋል፤ አልጋውን በሁለት ብሎን ከግድግዳ ማሰር ደግሞ መወዛወዙን ያስቀራል። ከፍራሹ ሥር ሙሉ ላሜራ አትዘርጉ። ላሜራ ይጮኻል፣ የላቡን እርጥበት ይይዛል፣ የስፖንጁ ሥር ይሻግታል። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተላገ ጣውላ በ6 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይደርደር።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ ይደርስባታል። ያለ አጎበር አልጋ ማከራየት ሊፈቀድ አይገባም። ከመሃል አንድ ገመድ የሚንጠለጠለው ክብ አጎበር ግን ለተደራራቢ አልጋ አይሆንም፤ ለታችኛው መስቀያ የለውም። ለታችኛው አልጋ አራት ማዕዘን አጎበር ከላይኛው ብረት በአራት ቀለበት ይሰቀልና ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይጠቀጠቃል፤ ለላይኛው ደግሞ አራት መንጠቆ ከኮርኒሱ ማገር ላይ ይመታል። አጎበሩ ጠብቦ ከእንግዳው ክንድ ጋር ከተጣበቀ ትንኟ በቀዳዳው ትነድፈዋለች፤ ስለዚህ ሰፋ ይበል። መድኃኒት የተነከረው አጎበር 20 ያህል እጥበት ይችላል፤ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ ሲሰጣ ነው እንጂ በበረኪና ተዘፍዝፎ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ መድኃኒቱ ቶሎ ያልቃል። እንዲነጣ ብላ በበረኪና የምታጥብ የጽዳት ሠራተኛ ጥፋት የለባትም፤ የነገራት የለም። የመለኪያው ወረቀት ይንገራት።

ትኋንን በተመለከተ ዝም ማለት ልማድ ሆኗል፤ አፍ አውጥተን እንነጋገርበት። ትኋን የቆሻሻ ቤት ምልክት አይደለም፤ በእንግዳ ሻንጣ ይመጣል፤ የትኛውም ንጹሕ ቤት ይገባል። የእንጨት አልጋ ስንጥቁ ይደብቀዋል፤ ብረት ያን ያህል አይደብቀውም። ነጭ አንሶላ የደም ነጠብጣቡን ያሳያል፤ ባለ አበባው ይሸፍነዋል። እንግዳ በተቀየረ ቁጥር የፍራሹን የስፌት ጠርዝ በእጅ ባትሪ ዙሪያውን ማየት ሁለት ደቂቃ ነው። ከተገኘ ክፍሉ ይዘጋል፤ አንሶላውና አጎበሩ ይለያያሉ፤ አንሶላው በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠባል፤ ክፍሉ ይረጫል። ርጭቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። አንዴ ብቻ ተረጭቶ የተከፈተ ክፍል በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ ይወረራል። ቦርሳ አልጋ ላይ እንዳይቀመጥ ደግሞ ቦታ ይዘጋጅለት፦ ለእያንዳንዱ አልጋ 45 በ50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 75 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የላሜራ ሎከር። ጓጉንቸሩን እንግዳው ራሱ ያምጣ፤ የሌለው ከእንግዳ መቀበያ ይዋስ። መጠባበቂያ ቁልፍ በሠራተኛ እጅ ያለበት ሎከር ጭቅጭቅ አያጣውም።

ለአልጋ ሦስት ጥንድ አንሶላ ያስፈልጋል፦ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። ሐምሌና ነሐሴ ስለማይደርቅ አራት ይሁን።

ውሃው ላይ ትንሽ እንቆይ። 24 አልጋ ያለው ቤት ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ቢታሰብ ወደ 2,000 ሊትር ይፈጃል። ውሃ ሲቋረጥ ሁለት ቀን እንዲያሻግር 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ይፈልጋል። ሲሞላ 5 ቶን ነው፤ ለ1,000 ሊትር የተሠራ የብረት ማማ ላይ ትልቅ ሮቶ መጫን አደጋ መጋበዝ ነው። ለስድስት እስከ ስምንት ሰው አንድ ሽንት ቤትና አንድ ሻወር ይመደብ፤ ሁለቱ በአንድ በር ውስጥ አይሁኑ፤ ጠዋት አንዱ ሲታጠብ ሰባቱ ይቆማሉ። ቅጽበታዊው የኤሌክትሪክ ሻወር 5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 23 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ሁለት ሰው እኩል ሲከፍት ብሬከሩ ይወድቃል፤ ባለቤቱ በትልቅ ብሬከር ሲለውጠው ደግሞ ሽቦው ይግላል። የእሳት መነሻ ይህ ነው። ሁለት ባለ 300 ሊትር የፀሐይ ማሞቂያ ለ24 ሰው ይበቃል፤ አንድ ሰው ከቀዝቃዛው ጋር ቀላቅሎ 20 ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ ነው የሚጠቀመው። ለደመናው ወራት በውስጡ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገጠምለት።

የገባው ውሃ ይወጣል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ እምቦጭ የተባለው አረም ደግሞ ዓይናችን እያየ የሐይቁን ዳርቻ በከፊል ለብሶታል። ከከተማና ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ቀለቡ ነው፤ የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ፍሳሽም የዚያው ቀለብ አካል ነው። ስለዚህ አዲስ ሆስቴል ሐይቁ ጠርዝ ላይ እንዲሠራ አንጠይቅም፤ እንዲያውም እንዳትፈቅዱ እንለምናለን። ከውኃው ገባ ብለው ባሉት ሰፈሮች ያለው ፔንሲዮን በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ የዘንባባውን ጥላ ይዞ መሄድ ለእንግዳ ደስታ ነው። ለ24 አልጋ ከ8 እስከ 10 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ፣ ባለ ሁለት ክፍል ሴፕቲክ ታንክ ይሠራ፤ የመጀመሪያው ክፍል የጠቅላላውን ሁለት ሦስተኛ ይያዝ፤ የወጥ ቤቱ ውሃ ስብ በሚያስቀር ጉድጓድ በኩል ይግባ። የጣሪያ ውሃ ፈጽሞ አይቀላቀልበት። ክረምት ላይ የጣሪያው ጎርፍ ታንኩን ሞልቶ ዝቃጩን ወደ መንገድ ቦይ ይገፋዋል፤ ቦዩ ደግሞ መድረሻው ሐይቁ ነው። በዋልካ አፈር ላይ ወደ መሬት ማስረግ አይሠራም፤ ሐምሌ ላይ አፈሩ ራሱ ጠግቦ ይተኛል። እዚያ ታንኩ ውሃ የማያሳልፍ ይሁንና በመጣጭ መኪና ይነሣ፤ የተነሣበት ደረሰኝ ለተቆጣጣሪ ይታይ።

ሌባ ፈርተን መስኮቶቻችንን በፍርግርግ ብረት እንዘጋለን። ስድስት ሰው በተኛበት ክፍል ይህ ወጥመድ ነው። ከየክፍሉ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ ተሠርቶ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። የግቢውንም በር ጥበቃው ሌሊት በጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቶ አይተኛ። በየፎቁ ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ በየክፍሉ ደግሞ ጭስ ሲሰማው የሚጮህ መሣሪያ ይኑር። ከሰል ያለበት ምድጃ መኝታ ክፍል አይግባ፤ ለቡናም ቢሆን፣ ለብርድም ቢሆን። ሽታ የሌለው ጋዙ ተኝተው ሳሉ ይገድላል።

የጋራ ወጥ ቤት ርካሹን ማደሪያ ተወዳጅ ያደርገዋል፤ ግን የኛ አገር ወጥ ቤት የራሱ ሕግ አለው። የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ይለዩ፤ መክተፊያውም እንዲሁ። ቀለም ተቀብቶባቸው በሁለት መደርደሪያ ይቀመጡ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይጠራጠርበት ወጥ ቤት ይሁን፤ የውጭ እንግዳም ምክንያቱ በሁለት መስመር ተጽፎ ግድግዳው ላይ ያንብብ።

የሰፈር ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ እናውቀዋለን፦ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ሊያድሩ ነው? አይደለም። የሴቶች ክፍል ለብቻ፣ የወንዶች ክፍል ለብቻ ይሁን፤ የሴቶቹ መታጠቢያ በዚያው መተላለፊያ ላይ ይሁን እንጂ ግቢ አቋርጠው አይሂዱ። ሙሉ ክፍል የያዘ ቤተሰብ ወይም የጓደኛ ቡድን ብቻ በአንድነት ያድራል። ይህ በመለኪያው በግልጽ ቢጻፍ ብዙ ሐሜት ይቀራል፤ እናቶችም ሴት ልጆቻቸውን ሳይሰጉ ይልካሉ።

የሆስቴል ትልቁ ጥቅም ከአልጋው ቀጥሎ ሳሎኑ ነው። የጣና ጀልባ በሙሉ ነው የሚከራየው። ብቻውን የመጣ ሰው ዘጌ ደርሶ ለመመለስ የጀልባውን ሙሉ ዋጋ ሲሰማ ይተወዋል። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቀል፤ «ነገ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ሁለት ሰው አለን፣ ሦስት እንፈልጋለን» ተብሎ ይጻፍ። ማታ ላይ አምስት ይሞላሉ፤ ጀልባ ነጂውም ሥራ ያገኛል። ሰሌዳው እውነቱን ይናገር። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም፤ እንጦስ ኢየሱስና የዘጌ ገዳማት ክፍት ናቸው። ይህን ወደብ ላይ ደርሳ የምትሰማ እንግዳ ታዝናለች። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፏፏቴው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይሞላል፤ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋው ይቀጥናል። መጋቢት ላይ የመጣን ሰው በክረምት ፎቶ አታታልሉት። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ብልሃርዝያ ሊያስይዝ እንደሚችል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ እንዳለ፣ ጀልባ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብሱ እንዳይሳፈሩ ይጻፍ። ሰዓት ሲጻፍ በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን፤ «2 ሰዓት» የተባለ የውጭ እንግዳ በእኛ 8 ሰዓት ላይ ቁርሱን በልቶ፣ ምሳውን ጨርሶ ወደቡ ላይ ይገኛል፤ ጀልባው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል።

ከመምሪያው የምንፈልገው እንግዲህ ይህ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ልኬቶች በአንድ ገጽ የመቆጣጠሪያ ቅጽ ይውጡ። መጀመሪያ ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ፔንሲዮኖች ብቻ ይሞክሩት፤ አንድ ዓመት ይታይ፤ ከዚያ ይስፋ። ግብርና ፈቃድ በአልጋ ቁጥር ይሰላ፤ በኮከብ ሆቴል መለኪያ የሚመዘን ሆስቴል ለየክፍሉ ሻወር ካልሠራህ ይባልና ርካሽነቱ እዚያው ያበቃል። የአገሬውና የውጭው እንግዳ የአልጋ ዋጋ አንድ ሆኖ በር ላይ ይለጠፍ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ከቢሮው ወረቀት በፊት ሜትርና የእጅ ባትሪ ይዞ አልጋው ሥር ይጎንበስ።

ጊዜው ያጥራል። የታንኩ ጉድጓድ ግንቦት ሳያልቅ ተቆፍሮ ካልተገነባ ሰኔ ዝናቡ ይይዘውና እስከ መስከረም ይቆማል። አልጋውን መበየድ ግን ቤት ውስጥ ነውና ክረምቱን ይሠራል። ቅጹ በሚያዝያ ቢደርሰን ሦስቱ ቤቶች ለመስከረም፣ ፏፏቴው ሞልቶ ሳለ ይከፈታሉ፤ በጥር ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚያልፈውም መንገደኛ የሚያድርበት አልጋ ያገኛል። ልኬቱን ለማሳየት፣ ቅጹንም አብረን ለማርቀቅ በጠራችሁን ቀን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር በመኝታ አገልግሎት፣ በጀልባና በማስጎብኘት ሥራ ላይ ያለን